ሁለት ሐይቆች፥ አንድ ዝርዝር

መጽሐፍን የሚያጠፋው እሳትና ምስጥ ብቻ አይደለም፤ መዘንጋትም ያጠፋዋል። ይህን ነገር በልጅነቴ ከአባቶች አፍ ብሰማውም በእውነት የገባኝ ከአገሬ እጅግ ርቄ፥ በሰሜን አሜሪካ በአንዲት ሐይቅ ዳር በቆምሁ ጊዜ ነው። አንባቢዬ በትዕግሥት ቢከተለኝ ወደዚያ የወሰደኝን ምክንያትና ያየሁትን ሁሉ በየተራው እነግረዋለሁ።

የተወለድሁባት የገጠር ደብር አንድ ተአምረ ማርያም ነበራት። ያጻፈው ቅድመ አያቴ ነው ይባላል፤ በኅዳጉም ላይ የቤተ ሰባችን ስምና ለደብሩ የተሰጠው መሬት ወሰን ተጽፎ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ይነሣሉ የሚል ወሬ በደረሰ ጊዜ ግን ካህናቱና የአገሩ ሽማግሌዎች ተመካክረው እንቢ አሉ። «ዛሬ ሥዕሉን የሚያነሣ ነገ መጽሐፉን ያነሣዋል» አሉ። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ በእ.ኤ.አ. 1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙ መቶ የብራና መጻሕፍት መውሰዱን ማን ይረሳል?

ከብዙ ዘመን በኋላ ያ ተአምረ ማርያም ከዕቃ ቤቱ ጠፋ። ማን እንደ ወሰደው፥ መቼም እንደ ወጣ የሚያውቅ አልተገኘም። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን ሌላ ነው፤ ስለ መልኩ በተጠየቅን ጊዜ ቅጠሉ ስንት እንደ ሆነ፥ ሥዕል ይኑረው አይኑረው፥ መጀመሪያው ገጽ በምን ቃል እንደሚነሣ ሊናገር የቻለ አልነበረም። «ማኅደሩ ቀይ ነበረ» ከማለት በቀር መልስ አጣን። በቀይ ማኅደርማ ስንቱ መጽሐፍ ይኖራል!

ባለፈው ጊዜ በሚኒሶታ የሚኖረውን ወንድሜን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ በዚያው አገር ኮሌጅቪል በሚባለው ስፍራ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ቅጂ እንዳለ አስታወስሁ። ምናልባት ከሽማግሌዎቹ ምክር በኋላ አንድ ካህን መጽሐፋችንን በስውር አስነሥቶት ይሆናል የሚል ተስፋ አደረብኝ። ከሚኒያፖሊስ ተነሥተን ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና ተጓዝን። ጊዜው መከር ነበረና የዛፉ ቅጠል ቀልቶና ወርቅ መስሎ በመንገዱ ላይ ይረግፋል። በመጨረሻም በዛፎቹ መካከል የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የደወል ማማ ብቅ አለ። ማማው እንደ ታላቅ ሰሌዳ ቀጥ ብሎ የቆመ የኮንክሪት ሥራ ነው። ከገዳሙ አጠገብ ሳጋታጋን የምትባል ሐይቅ ጸጥ ብላ ተኝታለች።

ይህ የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገዳም ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1856 የቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚከተሉ መነኮሳት መሠረቱት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ በእ.ኤ.አ. 1944፥ ጥንታዊው የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በቦምብ ስለ ፈረሰ፥ ሌላ ጦርነት ቢነሣ የገዳማት መጻሕፍት ሁሉ ይጠፋሉ ብለው ሠጉ። ስለዚህ በእ.ኤ.አ. 1965 ሂል የተባለውን የብራና መጻሕፍት ቤት አቋቁመው በኦስትሪያ የሚገኙትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። የእኛው ተራ የደረሰው በእ.ኤ.አ. 1973 ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትብብር የተጀመረው ሥራ በአብዮቱ ዘመን እንኳ ሳይቋረጥ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አነሣ። መጻሕፍቱ በየባለቤቶቻቸው እጅ ቀሩ፤ ከፊልሙም አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፥ አንዱ በኮሌጅቪል ተቀመጠ።

በንባብ ክፍሉ የተቀበለችን ሴት በትሕትና ሰላምታ ሰጥታ «የመጽሐፉ ቁጥር ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጥር እንደሌለኝ ነገርኋት፤ የደብሩን ስም፥ ቀጥሎም የመጽሐፉን ስም በኮምፒውተር አስፈለግሁ። ተአምረ ማርያም እጅግ ብዙ ነው፤ የእኛ ግን አልነበረም። ሽማግሌዎቻችን እንቢ ባሉት ጸንተዋልና።

ተስፋዬ በተቆረጠ ጊዜ ቁጥሩ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ማስተዋል ጀመርሁ። ዘጠኝ ሺህ ፊልም ያለ ዝርዝር ቢከመር ከጨለማ ቤት አይሻልም። ያን ጨለማ ያበሩት ሊቃውንት ናቸው፤ ከእነርሱም ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1975 በአዲስ አበባ በቤታቸው ሳሉ በወታደሮች ጥይት ተመትተው ሁለተኛ በእግራቸው መቆም አልቻሉም። በማግሥቱ ዓመት ወደ ኮሌጅቪል መጥተው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ያን ሁሉ ፊልም ቅጠል በቅጠል አነበቡ። ዊልያም ማኮምበር የጀመሩት፥ እርሳቸውም የቀጠሉት ዝርዝር በእ.ኤ.አ. 1993 አሥረኛው ክፍል በታተመ ጊዜ እስከ 5000 ቁጥር ደርሶ ነበር። በእ.ኤ.አ. 2021 እስኪያርፉም ድረስ ከመጻሕፍት አልተለዩም።

ባዶ እጄን ከመሄድ ብዬ ቁጥር 1832 እንዲከፈትልኝ ለመንሁ። ይህ የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ነው፤ በእ.ኤ.አ. ከ1280 እስከ 1281 ባለው ዘመን የተጻፈ ሲሆን የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል በውስጡ ይገኛል። በወጣትነቴ ወደ ወሎ ወርጄ ያን ገዳም ተሳልሜአለሁ፤ የሐይቁን ሰማያዊ ውኃና ገዳሙን የከበበውን ዛፍ አልረሳውም። አሁን በሌላ ሐይቅ ዳር፥ በሌሎች መነኮሳት አገር ተቀምጬ የዚያን ገዳም ወንጌል ስገልጥ ዕንባዬ መጣ።

በዚያው ወንጌል ውስጥ አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡአቸው መጻሕፍት ስም ተዘርዝሮ ይገኛል። እንግዲህ አባቶቻችን የመጻሕፍትን ዝርዝር መያዝ ከፈረንጅ አልተማሩም፤ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት በወንጌል ቅጠል ላይ ይጽፉት ነበር። የተውነው እኛ ነን።

የዚያ ቤት ሥራ ዛሬ በማይክሮፊልም አልቆመም፤ ምስሎቹ ወደ ኤሌክትሮኒክ ተለውጠው በኢንተርኔት ይነበባሉ። ማንም ተመዝግቦ ያለ ዋጋ በቤቱ ሆኖ ሊያያቸው ይችላል። ነገር ግን ይህም ጠባቂ የማያስፈልገው አይምሰለን። በእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 የኮምፒውተር ሌቦች የብሪታንያን ቤተ መጻሕፍት ባጠቁ ጊዜ፥ በኢንተርኔት ያስነብባቸው የነበሩ የብራና መጻሕፍት ምስሎች ለብዙ ወራት ተዘግተው ቆዩ። ብራናዎቹ በመደርደሪያቸው ነበሩ፤ ምስላቸውን ግን ከሩቅ የሚያነብ አልቻለም። ስለዚህ ምስሉ ከአንድ ስፍራ ይልቅ በሁለትና በሦስት ስፍራ ሊቀመጥ፥ መሣሪያው ሲያረጅም ወደ አዲሱ ሊገለበጥ ይገባል። ይህም የቁም ጸሐፊዎቻችን ሥራ ነው፤ እነርሱም ያረጀው ብራና ሳይደመሰስ በአዲስ ብራና ይገለብጡት ነበርና።

በዚያ ማታ ወደ ደብራችን ቄሰ ገበዝ ስልክ ደወልሁ።

«አባቴ፥ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ፥ ልጄ። ተገኘ?»

«አልተገኘም፤ እዚህም የለም።»

ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው የቀሩትን እንቍጠር» አሉኝ።

ወደ አገሬ ስመለስ እንደ ተናገሩት አደረግን። ሁለት ቀን በዕቃ ቤቱ ደጅ ተቀምጠን ሃያ ሦስት መጻሕፍት ቈጠርን። የእያንዳንዱን ስም፥ የቅጠሉን ቍጥር፥ ቁመቱንና ወርዱን፥ መጀመሪያ ቃሉን፥ በኅዳግ የተጻፈውንም በመዝገብ ጻፍን። ከዲያቆናቱ አንዱ በስልኩ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ምስሉም ለደብሩ፥ ለሀገረ ስብከቱና ለአንድ የታመነ ምእመን እንዲቀመጥ ተስማማን። ያለ ካህናቱ ፈቃድ ለሌላ እንዳይሰጥም ወሰንን፤ የሽማግሌዎቹ ፍርሃት በዚህ መከበር ይገባዋልና።

በሁለተኛው ቀን ማታ በወንጌሉ መጨረሻ ቅጠል ላይ የደብሩ ዕቃ የተጻፈበት አሮጌ ዝርዝር አገኘን። ከጽዋውና ከመስቀሉ በታች «ተአምረ ማርያም ፩» ይላል። ያ ብቻ ነው። መጽሐፉ እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ ነገ በሌላ አገር ቢታይ ግን የእኛ መሆኑን ሊያሳውቅልን አይችልም። ቄሰ ገበዙ ያን መስመር ሁለት ጊዜ አንብበው መጽሐፉን ተሳለሙና በማኅደሩ መለሱት።

አንባቢዬ ሆይ፥ በቤትህ ከአያትህ የወረስኸው ዳዊት ይኖር ይሆናል። ሳትውል ሳታድር ቅጠሉን ቍጠር፥ ስሙንና መልኩን ጻፍ፥ ለልጆችህም ንገራቸው። የተጻፈለት መጽሐፍ ቢጠፋ እንኳ የሚፈልገው አያጣም።