ከጋይንት እስከ ካዛንቺስ፦ ራትና ማሲንቆ

መንገደኛ ወደማያውቀው ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማደሪያውን ነው። ማደሪያውን ካገኘ በኋላ ግን ሁለት ጥያቄ ይቀረዋል፤ ይኸውም ምን በልቼ፣ ምን ሰምቼ ልደር የሚል ነው። ሁለቱን በአንድ ማዕድ የሚያቀርብ ቤት ባለበት ከተማ ጥያቄው የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን ከነዚህ ቤቶች የትኛው ይሻላል ሲባል ነገሩ እንደገና ይከብዳል።

በደቡብ አሜሪካ፣ በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ የሚወርድ እንግዳ ይህ ጥያቄ ይጠብቀዋል። በዚያ ከተማ ታንጎ የሚባለውን ዳንስ ከራት ጋር የሚያቀርቡ ትልልቅ ቤቶች አሉ። ሳን ቴልሞ በሚባለው አሮጌ ሠፈር ኤል ቢየሆ አልማሴን የተባለውን ቤት ዘፋኙ ኤድሙንዶ ሪቤሮ በ1969 እ.ኤ.አ. እንዳቋቋመው ይታወቃል። በእንዲህ ያለው ቤት እንግዳው አንድ ዋጋ ይከፍላል፤ ሥጋውና ወይኑ፣ ትርዒቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሆቴሉ ወስዶ የሚመልሰው መኪና በዚያው ዋጋ ይጠቃለላል። እርሱ ይበላል፤ የሠለጠኑት ዳንሰኞች በመድረክ ላይ ይሽከረከራሉ። በዚያው ከተማ ሚሎንጋ የሚባል ሌላ ዓይነት ቦታም አለ። በሚሎንጋ የሠፈሩ ሰው፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ለራሱ ደስታ እርስ በርሱ ይደንሳል። እንግዳው ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ የሚመርጠው ዋጋን ብቻ አይደለም፤ ተመልካች ሆኖ ሊቀመጥ ነው ወይስ ከሰው ጋር ሊጫወት ነው የሚለውን ጭምር ነው።

ይህ ምርጫ ለእኛም አገር መንገደኛ እንግዳ አይደለም። እኔ የማስተምረው በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በሚባለው አገር ነው። አዲስ የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ ለዕረፍት የመጣ ተማሪ፣ ደመወዝ በተከፈለ ሰሞን «አዝማሪ የት እንስማ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ከአገሩ እንጀምር።

አገሩና ድምፁ

ከባሕር ዳር ተነሥተው በወረታ በኩል ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደብረ ታቦር ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ቆሞ ይጠብቅዎታል፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። መንገዱ ወደ ላይ ጋይንት ከተማ ወደ ነፋስ መውጫ ይዘልቅና በጨጨሆ በኩል ወደ ወሎ ይሻገራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በዚሁ በጋይንት በኩል ነበር። በደቡብ በኩል የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ፣ የታች ጋይንት ከተማ አርብ ገበያና የስማዳ ከተማ ወገዳ ይገኛሉ። ደጋው ብርዳም የገብስ አገር ነው፤ ቆላው ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ያዘቀዝቃል።

ይህ አገር በድምፅ የታወቀ ነው። የጋይንት ቤተልሔም ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጡ የአብነት ተማሪዎች ድጓ ሲያስመሰክሩበት የኖሩ ደብር ነው። በዚያ ዜማው ለእግዚአብሔር ነው፤ ተማሪው ዓመታት ይደክማል፣ መምህሩ እያንዳንዷን ምልክት ይቆጣጠራል። ከደብሩ ቅጥር ውጭ ደግሞ ሌላው ባለ ድምፅ አለ። አዝማሪ የሚለው ቃል ከግእዙ «ዘመረ» የወጣ ሲሆን ከመዝሙር ጋር አንድ ሥር አለው። መሣሪያው አንድ አውታር ያለው ማሲንቆ ነው። አውታሩም መምቻውም የፈረስ ጭራ ነው፤ አራት ማዕዘን ሆኖ የሾለው ሣጥኑ ቆዳ ተወጥሮበታል። ከዚህ ቀላል ዕቃ ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉና አንቺ ሆዬ ይወጣሉ።

ነገር ግን የአዝማሪው ዋና ዕቃ ማሲንቆው ሳይሆን ጆሮው ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው አንዴ ሰምቶ በዜማ ይመልሰዋል፤ ቤቱም ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይፈልጋል። ለምሳሌ ያህል፣ በዚህ አገር የተመደበ ጀማሪ ሠራተኛ እንዲህ ብሎ ቢሰጥ፦

ነፋስ መውጫ ገብቼ ያለ ጋቢ ልባስ፣
መውጫው ጠፋኝ እንጂ አልጠፋኝም ነፋስ።

ሰሙ ጋቢ ሳይዝ ደጋ የገባ ሰው የብርድ ስሞታ ነው። ወርቁ ግን የዝውውር ማመልከቻ ጽፎ መልስ ያጣ ሰው እንጉርጉሮ ነው። ዳር የተቀመጠው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይስቃል፤ ነገሩም ገብቶታል። በጽሕፈት ቤት ሊነገር ያልቻለው በማሲንቆ ተነገረ ማለት ነው።

ሦስት ዓይነት ማዕድ

እንግዲህ አዝማሪን ከምግብ ጋር የሚያገኙበት ማዕድ ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው በአዲስ አበባ የበዛው የባህል ምግብ ቤት ነው። በቦሌ በኩል ዮድ አቢሲኒያና 2000 ሐበሻ በዚህ ሥራ ስማቸውን አውጥተዋል። መሶቡ ይቀርባል፣ ጠጁ በብርሌ ይቀዳል፤ መድረክ ላይ የጎንደሩ እስክስታ፣ የጉራጌው፣ የኦሮሞው፣ የትግራዩና የወላይታው ጭፈራ ልብስ እየተለወጠ በአንድ ማታ ይታያል። ከውጭ አገር ለመጣ እንግዳ ወይም ኢትዮጵያን ገና በመጽሐፍ ብቻ ለሚያውቅ ተማሪ ይህ ጥሩ መግቢያ ነው። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድም ይመቻል። ጉድለቱ ከመድረኩ የሚመጣ ነው፤ ዘፋኙ ሩቅ ነው፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ግጥም የሚቀበልዎት ሰው አያገኙም።

ሁለተኛው አዝማሪ ቤት ነው። ጠባብ ክፍል፣ ዝቅተኛ ወንበር፣ ማሲንቆ የያዘ ወንድና አብራው የምታዜም ሴት፣ ይህ ነው መልኩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሌሊቱ የሰዓት እላፊ ሲነሣ በአዲስ አበባ በተለይ በካዛንቺስ እንዲህ ያሉት ቤቶች በዝተው ነበር። የሠፈሩ ስም የመጣው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም ነውና፣ የደመወዝተኛ ሠፈር ሆኖ ተወልዶ የአዝማሪ ሠፈር ሆነ ማለት ይቻላል። ከቤቶቹ ሁሉ ዝናው የወጣው ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ያስተዳድረው የነበረው ፈንድቃ ነው። ይህም ቤት በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ሠፈር ለልማት ሲነሣ አብሮ ፈርሷል። ስለዚህ የቆየ የጉዞ መጽሐፍ ይዘው ካዛንቺስ የሚወርዱ እንግዶች ቤቱን እዚያ አያገኙትም።

ሦስተኛው ዋጋ የማይጠየቅበት ማዕድ ነው፤ እርሱም የገጠሩ ሠርግ ነው። በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ ሠርግ የሚበዛው በጥር፣ ከጥምቀት ወዲህ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ነው። ዳስ ይጣላል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ አዝማሪውም ከዳስ ዳስ እየተዘዋወረ ይሰነብታል። በዚህ ስፍራ አዝማሪው የሚያዜምለትን ሰው ያውቃል፤ የአባቱን ስም፣ የበሬውን መልክ፣ ባለፈው ዓመት ከማን ጋር እንደ ተጣላ ሳይቀር ያውቃል። ታዲያ እንግዳው ሳይጠሩት አይገባም፤ ከተጠራ ሰው ጋር ሄዶ፣ ለሙሽራው ቤት አቅሙ የፈቀደውን ይዞ፣ ባሳዩት ቦታ ይቀመጣል። መከሩ ባነሰበት ዓመት ሠርጉም ይቀንሳል፤ ሠርግ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጎዳው ከሠርግ የሚበላው አዝማሪ መሆኑን አይርሱ።

ከመግባትዎ በፊት

አንባቢዬ፣ ቤት ሲመርጡ የሚከተሉትን ነገሮች እንዲያዩ እመክራለሁ።

አስቀድመው የተቀመጠውን ሰው ይመልከቱ። የሠፈሩ ሰው የሚገባበት ቤት አዝማሪው ሊሰንፍ አይችልም፤ ትናንት የሰሙትን ግጥም ዛሬ ቢደግምባቸው ይታዘቡታልና። እንግዳ ብቻ የሞላበት ቤት ግን ያንኑ ውዳሴ ለሁሉም ሊያድል ይችላል።

ቀጥሎ በአዝማሪውና በመሶቡ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። ማሲንቆው ያለ ድምፅ ማጉያ ከተሰማ፣ አዝማሪውም እስከ ወንበርዎ ከመጣ፣ ጥሩ ቤት ገብተዋል። «አምባሰል አውርድልኝ» ብለው ቅኝቱን በስሙ ቢጠይቁ ደግሞ እርሱም በሌላ ዓይን ያይዎታል።

ስለ ገንዘቡም ሳይቀመጡ ይጠይቁ። ራቱ መጠጥ ይጨምራል ወይ? አዝማሪው ከቤቱ ደመወዝ አለው ወይስ ኑሮው በሽልማት ነው? የሁለተኛው ከሆነ፣ በግንባሩ ላይ የሚለጥፉለት ብር ጉርሻ ሳይሆን ደመወዙ ነው። ስለዚህ ለሽልማት የሚሆነውን ዝርዝር ብር አስቀድመው በአንድ ኪስ ይለዩት፤ ውዳሴው ሲሞቅ የቤት ኪራዩ ያለበትን ኪስ እንዳይነኩ ይጠቅምዎታል።

ጊዜውንም ይወቁ። አዝማሪ ቤት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አይሞቅም፤ ራትዎን ቀድመው መብላት ሳይሻል አይቀርም። በዐቢይ ጾም በገጠር ማሲንቆ ይሰቀላል፤ ረቡዕና ዓርብም የጾም ምግብ መኖሩን ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ የመንገዱን ሰላም ያረጋግጡ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭት ሲነሣ በባሕር ዳርና በጎንደር የሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደዚህ አገር የሚመጣ ሰው ከአገሩ ነዋሪ ሳይጠይቅ መንገድ አይጀምርም፤ ምንም ዓይነት ጨዋታ ለሌሊት ጉዞ ምክንያት አይሆንም።

በመጨረሻም ቀልዱን ይቻሉ። አዝማሪው ስለ ክራባትዎ ወይም ስለ ዝምታዎ አንድ ስንኝ ቢጥል ስድብ አይደለም፤ ከጨዋታው አስገባዎት ማለት ነው። በስልክዎ ሊቀርጹት ከፈለጉ ግን ፈቃዱን ይጠይቁ፤ ድምፁ መተዳደሪያው ነው።

ስለ ሙያው ክብር

እስካሁን የተናገርነው ስለ ምርጫ ነው። ከምርጫው በስተ ጀርባ ግን አንድ የከበደ ነገር አለ። በአገራችን አዝማሪ የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን ስድብ ሆኖ ኖሯል። ሰው በሠርጉ ይጠራዋል፣ በማግስቱ ልጁን ሊድርለት አይፈቅድም። የተማርን የምንባለውም ከዚህ ንቀት ነፃ አይደለንም፤ ተማሪ በትምህርት ቤት መድረክ ጊታር ሲይዝ የሚያጨበጭብ አባት ማሲንቆ ሲይዝ ይደነግጣል።

የሙያውን ኃይል ከእኛ ይልቅ ጠላት ዐውቆት ነበር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የኢጣልያ ባለሥልጣኖች ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን ብቻ ሳይሆን አዝማሪዎችንም ሕዝብ ያነሣሣሉ ብለው እየያዙ ገድለዋል። አንድ አውታር የያዘ ሰው መትረየስ ለያዘ ሠራዊት የሚያስፈራው ግጥሙ ከሰው ልብ ስለሚገባ ነው።

ታንጎም ተንቆ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በወደብ ሠፈሮች፣ በስደተኞችና በአፍሪካ ተወላጆች መካከል ሲያድግ ባለጸጎቹ ፊታቸውን ያዞሩበት ነበር። ከ1914ቱ ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ፓሪስ ስትወደው ግን አገሩም አከበረው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኔስኮ የአርጀንቲናና የኡራጓይ ቅርስ ብሎ መዘገበው። ለእኛም አዝማሪዎች ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ካዘጋጃቸው የኢትዮጵያ ዘፈኖች ተከታታይ አልበሞች አንዱ ጥራዝ ለአዲስ አበባ አዝማሪዎች ተሰጥቷል። ሌላው ሲያደንቅልን ደስ ይላል፤ ነገር ግን ለማክበር የፓሪስን ፈቃድ መጠበቅ አይገባንም ነበር።

ታንጎን በመድረክ ያየ ሰው ጥሩ ታንጎ ሊያይ ይችላል። አዝማሪው ግን የሚኖረው በሁለት ሰው ነው፤ በሚሰጠውና በሚቀበለው። ሰጪው ከጠፋ፣ እርሱ የቆየውን ውዳሴ እየደገመ በመድረክ ላይ ያረጃል። ግጥም የሚሰጠው ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቅ የአገር ልጅ ነው እንጂ በአውቶቡስ መጥቶ በአውቶቡስ የሚሄድ እንግዳ አይደለም። ያ ሰው ተማሪው ነው፤ ያ ሰው በጽሕፈት ቤት ሲጽፍ የዋለው ጀማሪ ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፤ በደብረ ታቦርም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ ራትና ማሲንቆ ሲመርጡ፣ አዝማሪው ሊሰማዎት የሚችልበትን ቤት ይምረጡ። ከብርዎ ጋር በኪስዎ አንድ ስንኝ ይዘው ይግቡ፤ ቤቱ ሞቆ ማሲንቆው ወደ እርስዎ ሲዞር፣ ሳያፍሩ «ተቀበል!» ይበሉ።