ዕቃ ጠባቂዋ

ስለ ወታደር በተነሣ ቁጥር በአብያተ ክርስቲያናችን ወዲያው የሚገለጠው ኤፌሶን ምዕራፍ 6 ነው። ራስ ቁሩ፣ ጥሩሩ፣ ጋሻው፣ ሰይፉ ስንት ጊዜ ተሰብኮልናል! እኔም በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የስብከት ልምምዴን ያደረግሁት በዚሁ ክፍል ላይ ነበር። ነገር ግን ወታደር በትጥቅ ብቻ አይኖርም። ትጥቅ አለ፣ ስንቅ አለ፣ ጓዝ አለ። ስለ ጓዙ ሲሰበክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የምንኖረው ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነው። ከእኛ በስተደቡብ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ፣ ፎርት ካርሰን የሚባል ትልቅ የጦር ሰፈር አለ። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 ድረስ አማርኛን ጨምሮ የሚፈልጋቸውን ቋንቋዎች የሚናገሩ፣ ገና ግሪን ካርድ ያላገኙ ሰዎችን እንኳ በልዩ ፕሮግራም ይቀበል ነበር። በግሪን ካርድ የገቡም አሉ። ስለዚህ በውጭ አገር ባሉ ጉባኤዎቻችን ከጎናችን ቁጭ ብላ የምትዘምረው እህት የወታደር ሚስት ብትሆን አይግረመን። ከነዚህ መካከል የአንዱን ባልና ሚስት ታሪክ በፈቃዳቸው እጽፋለሁ።

ወንድማችን ለመስክ ልምምድ ሲዘጋጅ ዝርዝር ይሰጠዋል። ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ በሳጅኑ ይፈተሻል፤ አንድ ነገር ቢጎድል ማምለጫ የለም። የመኝታ ከረጢት፣ ፖንቾ፣ ታጣፊ አካፋ፣ የውሃ ኮዳ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ፣ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ የግንባር ባትሪ (ነጭ ብርሃን በጨለማ ከሩቅ ስለሚታይ)፣ ደግሞም ካልሲ፣ ካልሲ፣ ካልሲ። እኔ ትልቁ ጉዳይ ጥይት ይመስለኝ ነበር፤ እርሱ ግን ስለ ካልሲ ግማሽ ሰዓት አስተማረን! እግሩ ለቀናት ረጥቦ የቆየ ወታደር መራመድ አይችልም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ ብዙዎችን ከሜዳ ያስወጣው ይህ የእግር ሕመም፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ደሴቶች የተዋጉትን የእንግሊዝ ወታደሮችም አሠቃይቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ ካልሲ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ለብቻው ይታሸጋል። ከዚያ በዝርዝሩ ላይ የሌለ፣ ነባሮቹ ለአዲሶቹ የሚነግሩት አለ፤ የሕፃናት ገላ መጥረጊያው ቤቢ ዋይፕስ። ለሳምንታት ሻወር በሌለበት ገላ መታጠቢያው እርሱ ነው።

ምግቡ ኤም አር ኢ ይባላል። አንዱ እሽግ በአማካይ 1,250 ካሎሪ አለው፤ ትንሽ ውሃ ሲጨመርበት ያለ እሳት የሚያሞቅ ከረጢትም አብሮት ይመጣል። ይህ ሁሉ እያለ እህታችን በሶ በጥብጣ የምታጠጣው ይመስል አንድ ኪሎ በሶ አዘጋጅታ ነበር። ሳቅን፤ ግን አልፈረድኩባትም። የአገራችን ሴቶች ለዘማች በሶና ድርቆሽ ሲሰንቁ ኖረዋል፤ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ድረስ ከሠራዊቱ ጋር ተጉዘው ስንቁን ያዘጋጁ እነርሱ ነበሩ። እሴይም ቢሆን ልጁን ዳዊትን ወደ ጦር ሰፈር የላከው የተጠበሰ እህልና ዳቦ አሸክሞ አይደለም? (1ኛ ሳሙ. 17፥17) ቆሎና ዳቦ ማለት ነው እኮ!

ችግሩ ክብደቱ ነው። ኤስ ኤል ኤ ማርሻል የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ ወታደር ከሰውነቱ ክብደት ሲሶ በላይ መሸከም እንደሌለበት ተከራክሯል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያልፋል። የእግረኛ ወታደር ልዩ የብቃት አርማ ለማግኘት የሚፈተን ሰው 35 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 16 ኪሎ፣ ተሸክሞ 12 ማይል በሦስት ሰዓት መጨረስ አለበት። ስለዚህ ልምድ ያለው ወታደር “ምናልባት ቢያስፈልገኝስ?” የሚለውን ሁሉ ያወጣል። (ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣችንን ሚዛን ላይ እያወጣንና እያወረድን ከ23 ኪሎ ጋር የምንታገል ሁሉ ይህ ይገባናል።) በሶው ሩብ ኪሎ ቀረ።

ልምምዱ በካሊፎርኒያ፣ በሞሃቪ በረሃ፣ ፎርት ኧርዊን በሚገኘው ብሔራዊ የማሠልጠኛ ማዕከል ነበር። ጉዞውን ጨምሮ አንድ ወር ገደማ ይወስዳል። የስልክ ምልክት ያሉበትን ቦታ ስለሚያጋልጥ ስልክ መያዝ የሚከለከልበት ጊዜ ብዙ ነው። እህታችን ከአገር ቤት ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ መንጃ ፈቃድ የላትም። ከመሄዱ ከአምስት ቀን በፊት ሁለቱም እኛ ቤት መጡ። ቡናው ሳይፈላ እንባዋ መጣ።

“እትዬ፣ ለእርሱ ካልሲ እንኳ ዝርዝር አለው። የእኔ ዝርዝር የታለ?” አለችኝ።

ባለቤቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ለማምጣት ተነሣ። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። “በል ልጄ፣ ለአንተ የሚፈተሸው ተፈትሿል። አሁን የቤቱን ጓዝ እንፈትሽ፤ አንተ ንገራት፣ እርሷ ትጻፍ” አልኩት። ጀመሩ። ምጥ ቢመጣ ማን ይወስዳታል? (እኔ፤ እኔ ባልኖር ከቤተ ክርስቲያን ሁለት እህቶች።) በእርሱ ስም ፊርማ ቢያስፈልግ? የውክልና ሥልጣን በጦር ሰፈሩ የሕግ ቢሮ ያለ ክፍያ ይዘጋጃል። አስቸኳይ ነገር ቢደርስ? የአሜሪካ ቀይ መስቀል ጉዳዩን አጣርቶ መልእክቱን ለአዛዡ ያደርሳል፤ ለዚህ ማዕረጉን፣ የክፍሉን ስምና የትውልድ ቀኑን ማወቅ አለባት። የክፍሉን ስም አታውቅም ነበር! ጻፈች።

የቤት ኪራይ ላይ ስንደርስ ወንድማችን ዝም አለ።

“በባንኩ ያለው አይበቃም” አለ በመጨረሻ። ለታናሽ ወንድሙ ሕክምና ተበድሮ አገር ቤት ልኮ ነበር፤ ሦስት ወር ሆኖታል። “እርጉዝ ስለሆነች እንዳትጨነቅ ብዬ ነው፤ ብቻዬን ልሸከመው ብዬ ነው” አለ። እርሷ ተነሥታ ወደ በረንዳ ወጣች። ብርድ ነበር፤ ኮት ይዤ ተከተልኋት። “መላኩ አይደለም የሚያመኝ፤ ወንድሙ ወንድሜ ነው። እንግዳ አድርጎኛል” አለችኝ።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን ነገር በብዙ ትዳሮች አይቼዋለሁና ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ባሎች መደበቅን ፍቅር ይሉታል። ሚስትን ከጭንቀት መጠበቅ መልካም ነው፤ የቤቷን ጓዝ ሳታውቅ ዕቃ ጠባቂ ማድረግ ግን መጠበቅ አይደለም። የሙሴ ሕግ አዲስ ያገባ ሰው ለአንድ ዓመት ወደ ጦርነት እንዳይወጣ፣ በቤቱ ሆኖ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ አዟል (ዘዳ. 24፥5)። የዛሬ ሠራዊት ይህ ሕግ የለውም፤ ስለዚህ ባልየው በአምስት ቀንም ቢሆን የሚችለውን ያድርግ።

ወደ ውስጥ ስንመለስ ባለቤቴ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 30ን ገልጦ ጠበቀን። ዳዊት 400 ሰዎች ይዞ ጠላትን ሲያሳድድ የደከሙት 200 በባሦር ወንዝ ዕቃ ይዘው ቀሩ። ድል አድርገው ሲመለሱ አንዳንዶች “አልዘመቱምና ምርኮ አይገባቸውም” የሚል ሐሳብ አነሡ፤ ዳዊት ግን በዕቃው ዘንድ የቀረና ወደ ሰልፍ የወረደ እኩል እንዲካፈሉ ሥርዓት አደረገ። ባለቤቴ ብዙ አልሰበከም። “ልጄ፣ እርስዋም ዘማች ናት” ብቻ አለው። ወንድማችን ባለቤቱን ይቅርታ ጠየቃት። ወዲያው አልመለሰችለትም፤ እኛም አላስገደድናትም። ኪራዩን በተመለከተ እርሱ ራሱ ለአከራዩ ደውሎ በሁለት ክፍያ እንዲሆን ተስማሙ።

በልምምዱ ሁለተኛ ሳምንት በረዶ በጣለበት ሌሊት ሕመም ተሰማት። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው በር ላይ ነቅላ ለተጻፈችው እህት ደወለች፤ ሆስፒታል አደረሰቻት። ምጥ አልነበረም፤ በማለዳ ወደ ቤት መለሱዋት። እርሱ ይህን የሰማው ከበረሃ ከወጣ በኋላ ነው።

ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ አሸዋ፣ ያልታጠበ ካልሲና ባዶ የበሶ ፕላስቲክ ነበር። ካልሲውን ከማጠቧ በፊት የባንኩን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጥ ጠየቀችው፤ አስቀመጠ። ዕዳው ገና አላለቀም። ስንት እንደቀረ ግን አሁን ሁለቱም ያውቃሉ።