ለ1 ጊጋባይት የሚሆን ሊኑክስ

በየቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ ጥግ አቧራ የለበሰ ኮምፒዩተር አይጠፋም። የእኛ የልጆች አገልግሎት ክፍልም አንድ አለው፤ ሜሞሪው 1 ጊጋባይት ብቻ የሆነ፣ በስጦታ ያገኘነው ላፕቶፕ። ያየው ባለሙያ «እናቴ፣ ይህ አይሆንም፤ ሌላ ግዙ» አለኝ። በእጃችን ያለችው ገንዘብ ግን ለልጆቹ መጽሐፍ ቅዱስ መግዣ የተሰበሰበች ናት።

ፈቃድ የሌለውን፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚገለበጠውን ዊንዶውስ እንድንጭንም የመከሩን ነበሩ። እኔና ባለቤቴ አልወደድነውም። ስለ ታማኝነት በምናስተምርበት ማሽን ላይ ያልተከፈለበት የሰው ሥራ እንዴት ይጫናል? ደግሞም ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ይጠይቃል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. በ2025 አብቅቷል።

ስለዚህ ወደ ሊኑክስ ዞርኩ። የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ነው። ነጻ የሚባለው ስለማይሸጥ ብቻ አይደለም፤ ኮዱ ክፍት በመሆኑ ማንም ሊያየው፣ ሊያሻሽለው፣ ለጎረቤቱም ገልብጦ ሊሰጠው ይችላል። መገልበጥ የተፈቀደበት!

ሜሞሪን እንደ ኩሽና ጠረጴዛ፣ ሃርድ ዲስክን እንደ ጓዳ አስቡት። ጠረጴዛው ሲሞላ ለእያንዳንዱ ሽንኩርት ወደ ጓዳ መመላለስ ይመጣል፤ አሮጌ ኮምፒዩተር የሚንቀራፈፈው በዚህ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ራሱ ብዙ ቦታ የማይዝ ሲስተም ነው።

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው። ሚንት፣ ቀላል በሚባለው ኤክስኤፍሲኢ ገጽታውም ቢሆን፣ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ይፈልጋል። ሉቡንቱ መልኩ ያምራል፤ በእኛ ማሽን ላይ ግን መጻፊያውና የኢንተርኔት ማሰሻው አብረው ሲከፈቱ ተጨነቀ። ፓፒ ራሱን ሜሞሪ ላይ ጭኖ ስለሚሠራ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን እንደ ተለመደው የሚከፈተው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሆነ ሕፃናት በሚነካኩት ኮምፒዩተር ላይ አልደፈርኩም። የመረጥኩት አንቲኤክስን ነው። መልኩ የድሮ ነው፣ እውነቱን ለመናገር አያምርም፤ ግን ሠራ። የ23ኛው እትም ለ32 ቢት ፕሮሰሰርም ስለተዘጋጀ የእናንተ ላፕቶፕ ከእኛም ያረጀ ቢሆን ተስፋ አይቁረጥባችሁ። ሁሉንም የሞከርኩት ከፍላሽ ላይ አስነሥቼ ነው፤ ሳይጭኑ መሞከር ይቻላልና።

ትልቁ ጭንቀቴ አማርኛው ነበር። አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራምና የአቢሲኒካን ፊደል ስጨምር፣ በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየተከተልኩ «ሰላም» ብዬ ጻፍኩ። የዩኒኮድ ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለ አዳዲስ ጽሑፎች አያስቸግሩም። የሚያስቸግሩት ከዚያ በፊት በነበሩት ፊደሎች የተተየቡት ናቸው፤ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናሉ። የባለቤቴ የብዙ ዓመት ስብከቶች እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን ከማጥፋቴ በፊት ሁሉንም በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩ፤ በድሮው ኮምፒዩተር ላይ እየከፈትኩም አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ እየቀየርኳቸው ነው።

መምህራኑ በመጀመሪያው ሳምንት አጉረመረሙ። ልጆቹ ልዩነቱን የጠየቁ አይመስለኝም፤ መዝሙሩ መጫወቱን ብቻ ነው የሚያዩት። አሁን የቀረን ማተሚያው ነው፤ ላፕቶፑ ገና አላወቀውም።