ሲኒማና አንድምታ

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። እኔም በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህን ስም ሳልመረምር ብዙ ዘመን ይዤው ኖርሁ።

ባለፈው ክረምት ግን ቦሌ ሚካኤል በሚገኘው ቤቴ የእኅቴ ልጅ፥ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፥ እንግሊዝኛ ላጥና ብላ ፊልም ስትመለከት አገኘኋት። ፊልሙም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» ነው፤ ንግግሩ አማርኛ፥ ከግርጌው የሚነበበው ትርጕም እንግሊዝኛ። ታሪኩ በአገራችን በእውነት ከሆነ ነገር የተወሰደ ሲሆን፥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን ስለ ገደለች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅና ስለ ጠበቃዋ ይናገራል።

«ምን ተረዳሽ?» ብላት «እንግሊዝኛው ገብቶኛል» አለችኝ። «ሰሙን አግኝተሻል፤ ወርቁስ?» አልኋት።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ «ፕላዝማ» በተባለው ቴሌቪዥን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጥ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ሥዕሉን አስቁሞ ለመጠየቅ አይቻለውም ነበር። እኛ ግን በትርጓሜ ቤት ሥርዓት እያቆምን፥ ማን ተናገረ? ለማን? ስለ ምን? እንል ጀመር። ልጅቱም አንድ ፍቺ ከሰጠች በኋላ «አንድም» ብላ ሁለተኛ ታመጣለች፤ ለእያንዳንዱም ከታየው ነገር ማስረጃ ታቀርባለች፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጽፋ፥ የእኔ እንግሊዝኛ ጥቂት ነውና፥ በአማርኛ ትፈታልኛለች።

ከስሙ ጀመርን። ድፍረት አንድም ጀግንነት ነው፤ አንድም በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው። ሁለቱን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለማኖር ብዙ ደከመች፥ አልሆነላትም።

ሽማግሌዎች ለፍርድ ከተቀመጡበት ስንደርስ ራስዋ ፊልሙን አቆመችው። «በመካከላቸው ሴት የለችም። አጎቴ፥ እርስዎስ እንዲህ ባለ ሸንጎ ተቀምጠው ያውቃሉ?» አለችኝ።

አውቃለሁ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በአገር ቤት አንዲት ልጅ ተጠልፋ፥ ጠላፊው ካሣ ከፍሎ እንዲያገባት ሽማግሌዎች ሲስማሙ እኔ መርቄያለሁ። ሰላም አወረድን ብዬም ደስ ብሎኝ ተመለስሁ። የልጅቱን ቃል የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ወዳ ጠላፊዋን ያገባች እንደ ሆነ ክስ እንዳይቀርብበት ያደርግ ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጋብቻው ከቅጣት እንደማያድነው ደነገገ። የሕጉን መለወጥ ሰምቼ ነበር፤ ምርቃቴን ግን እስከዚያች ቀን አልመረመርሁትም።

ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ኋላም ከጻፈችው በታች «አንድም» ብላ ጨመረችው።

ስለዚህ አባቶችና መምህራን ሆይ፥ ልጆቻችንን ፊልም አትዩ ከማለት ይልቅ አብረናቸው ተቀምጠን እንጠይቃቸው፤ ጥያቄውም ወደ እኛ በተመለሰ ጊዜ አንቆጣ።