ከዙህር በኋላ የሚቆመው ባቡር



ዛሬ ስለ መጫወቻ ባቡር ልጽፍላችሁ ነው። አዎ፣ ጠረጴዛ ላይ ስለሚሽከረከረው ትንሽ ባቡር። «ሥራ ፈታህ እንዴ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ሞባይል የምትጠግኑ፣ የቤት መስመር የምትዘረጉ፣ ቴክኒክና ሙያ ገብታችሁ ኤሌክትሪክ የምትማሩ ልጆች ከዚህ ጽሑፍ የምትወስዱት ነገር ይኖራል ኢንሻአላህ። ጥያቄው አንድ ነው፤ የተደበቀ ብልሽት እንዴት ይገኛል?

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ስለሆነች፣ ድሬ ውስጥ የባቡር ወሬ ሳይሰማ የሚያድግ ልጅ የለም። አሁን የምኖረው ጀርመን ነው፤ ሙያዬ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። እዚህ አገር የመጫወቻ ባቡር የልጅ ዕቃ ብቻ አይደለም። ሜርክሊን የተባለው ታዋቂ ድርጅት ጎፒንገን ከተማ ውስጥ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ብዙ ሽማግሌዎች ምድር ቤት ወይም ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛ አቁመው፣ ተራራውንም ጣቢያውንም መንደሩንም በትንሹ እየቀረጹ ለዓመታት ይገነቡታል። በብዛት የተለመደው መጠን ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ነው። ከላይ ስታዩት ማሻአላህ የሚያስብል መንደር ነው። ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ስታዩት ግን የሽቦ ጫካ ነው።

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ነበራቸው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ደክመውበታል። አንድ ቀን ሐምሌ ላይ፣ እዚህ ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት፣ ደረጃው ላይ አስቆሙኝና «አንተ ኤሌክትሪሺያን ነህ አይደል?» አሉኝ። ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ነው። ጠረጴዛውን ለከተማው የወጣቶች ማዕከል ለመስጠት ተነጋግረዋል። ማዕከሉ ግን «በትክክል የሚሠራና ለልጆች አደጋ የሌለው ከሆነ ብቻ እንቀበላለን» ብሏል። ካልሆነ ተበታትኖ በቁራጭ ይሸጣል። የቀራቸው ስድስት ሳምንት ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከጠረጴዛው ሥር መንበርከክም አይችሉም።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባቡሩ ወደ ሩቁ ጫፍ ሲደርስ ይዝላል፤ አንዳንዴም ይቆማል። ሁለተኛ፣ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ከዙህር በኋላ ድንገት ቀጥ ይላል። ማታ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ሥርዓቱን ላስረዳ። ይህ ጠረጴዛ በሁለት ሐዲድ የሚሠራ ነው። አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ነው። ጎማዎቹ ከሁለቱ ሐዲዶች ኤሌክትሪኩን ተቀብለው ለሞተሩ ያደርሳሉ። መቆጣጠሪያውን ስታዞሩት ቮልቱ ከዜሮ እስከ 12 ይወጣል። የኤሌክትሪክ ብልሽት ደግሞ፣ ባቡርም ይሁን ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ኤሌክትሪኩ መድረስ ያለበት ቦታ አልደረሰም፣ ወይ መሄድ የሌለበት ቦታ ሄዷል። የሽማግሌው ጠረጴዛ ሁለቱንም ይዟል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሽማግሌው መልቲሜትር ነበራቸው። ትራንስፎርመሩ አጠገብ ሐዲዱ ላይ ሲለኩ 12 ቮልት፣ ሩቁ ጫፍ ላይ ሲለኩም 12 ቮልት። «መስመሩ ጤነኛ ነው፤ የደከመው ሞተሩ ነው» ብለው ሁለት ሞተር ቀይረዋል። ለውጥ የለም። እኔ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 5 ዋት የመኪና አምፖል ይዤ ወጣሁ። አምፖሉን ሩቁ ጫፍ ላይ ከሁለቱ ሐዲዶች ጋር አገናኝቼ፣ እየበራ ሳለ ለካሁ። 8 ቮልት።

አራቱ ቮልት የት ገባ? መልቲሜትር ከመስመሩ የሚወስደው ከረንት ከምንም አይቆጠርም። በመስመር ላይ የሚጠፋው ቮልት ደግሞ ከረንት በሬዚስታንስ ሲባዛ ነው፤ ይህ የኦም ሕግ ነው። ከረንት ዜሮ ከሆነ የሚጠፋውም ዜሮ ነው፤ የበሰበሰ መገናኛም ጤነኛ ይመስላል። አምፖሉ ግን አንድ ሦስተኛ አምፒር ያህል ሳበ። መንገዱ ላይ 12 ኦም ከተጠራቀመ 4 ቮልት እዚያው ይቀራል። ቧንቧን አስቡት። ዝግ ሆኖ ግፊቱ ሙሉ ነው፤ ደካማነቱ የሚታወቀው ሲከፈት ነው። የጀርመን ኤሌክትሪሺያኖች «የሚለካ ሰው ቆሻሻ ይለካል» የሚል ቀልድ አላቸው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ምን እንደተጠየቀ ያላወቀ ሰው ግን በልክ ቁጥር ይሳሳታል ማለታቸው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ሐዲዶቹ እርስ በርስ የሚያያዙት በትናንሽ የብረት ማያያዣዎች ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቧራና ዝገት ገብቶባቸዋል። ኤሌክትሪኩ ሩቁ ጫፍ ለመድረስ ብዙዎቹን በየተራ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ከሥር ሁለት ወፍራም ሽቦ፣ ቀይና ሰማያዊ፣ ዘረጋሁ። ከእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ አጭር ሽቦ አውርጄ ከወፍራሙ ጋር በሊድ አያያዝኩት። እንደገና አምፖሉን አብርቼ ስለካ 12 ሊሞላ ጥቂት ቀረው። አልሐምዱ ሊላህ!

ሁለተኛው ሰብር ፈለገ። አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋ ብልሽት ጠላት ነው። ሽማግሌው የጠረጠሩት ትራንስፎርመሩን ነበር። ጥርጣሬያቸው ከንቱ አይደለም፤ ሲሞቅ ራሱን የሚያጠፋ ትራንስፎርመር አለ፣ ጣሪያ ሥር ያለው ክፍልም ከሰዓት እንደ ምድጃ ይግላል። አዲስ ገዙ። አዲሱም ከዙህር በኋላ ቀይ መብራቱን አብርቶ ቆመ። ቀይ መብራቱ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «የሆነ ቦታ ሾርት አለ።»

የሌለ ብልሽት አይገኝም። ስለዚህ ጠዋት መድከሙን ትተን፣ ከሥራ መልስ በዙህርና በዐስር መሃል፣ በዚያ ሙቀት መገናኘት ጀመርን። ጠረጴዛው በ8 ክፍል የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። አንድ በአንድ ከመነካካት ይልቅ ግማሹን አጠፋን። 4 ሲቀሩ ሾርቱ አለ። ከአራቱ ሁለቱን አጠፋን። አሁንም አለ። ከሁለቱ አንዱን ስናጠፋ ለቀቀ። ያንን አብርተን ሌላኛውን ስናጠፋም ለቀቀ! ለየብቻቸው ጤነኛ፣ አብረው ሲበሩ ሾርት። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው ሳቁ። ብልሽቱ አንዱም ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ያለው ድንበራቸው ላይ ነው።

ድንበሩ ላይ ምን አለ? ባቡሩ ዞሮ በመጣበት መስመር የሚመለስበት ቀለበት። በሁለት ሐዲድ ሥርዓት ቀለበት አስቸጋሪ ነው። የቀኝ ሐዲድ ዞሮ ሲመጣ ከግራው ጋር ይገናኛል፤ ፖዘቲቭ ከኔጌቲቭ ማለት ነው። (የሜርክሊን የቆየው ሥርዓት መሃል ላይ ሦስተኛ መስመር ስላለውና ሁለቱ የውጭ ሐዲዶች አንድ ስለሆኑ ይህ ጣጣ የለበትም።) ለዚህ ሲባል ሐዲዱ ሆን ተብሎ በቀጭን መጋዝ ይቆረጣል፤ የቀለበቱ ኤሌክትሪክ በሌላ ስዊች ይገለበጣል። ያ ስንጥቅ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ሐዲድ ሲሞቅ ይረዝማል። 3 ሜትር የሆነ የዚህ ዓይነት ሐዲድ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ስንጥቁ ከሰዓት ይገጥማል፣ ማታ ሲበርድ ይከፈታል። ስዊቹ ካልተገለበጠ ደግሞ ቢገጥምም አይታወቅም። ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲሆን ብቻ የሚታይ ብልሽት ነበር።

መድኃኒቱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስንጥቁን በመጋዝ አሰፋን፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ፕላስቲክ በማስቲሽ ተከልን፣ አለቀ። እኛ ግን «አለቀ» አላልንም። ሦስት ሞቃት ከሰዓቶች ባቡሩን እያዞርን ጠበቅን። ለምን እንደዳነ ያልታወቀ ብልሽት ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ፊውዝ ጨመርን። 12 ቮልት ሰው ባይገድልም፣ በ12 ቮልት 5 አምፒር አንድ ነጥብ ላይ ሲቃጠል 60 ዋት ነው፤ እንጨትና ወረቀት ላይ ቀልድ አይደለም። የትራንስፎርመሩን 230 ቮልት ያለበትን ወገን ግን ማንም እንዲከፍተው አልፈቀድንም። እናንተም አትክፈቱ።

ጠረጴዛው ዛሬ ወጣቶች ማዕከሉ ውስጥ ነው። ጥግ ያለችው አንዲት አጭር መስመር እስካሁን አትሠራም፤ ጊዜ አልበቃንም። ልጆቹ እየፈለጉላት ነው። ሽማግሌው እሑድ እሑድ እየመጡ ያዩዋቸዋል፤ መልሱን ግን አይነግሯቸውም።

ይህ ከንቱ ጨዋታ የሚመስለው ካለ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ኤም አይ ቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተ የመጫወቻ ባቡር ክበብ አለ። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ቤቱንና ተራራውን መቅረጽ ይወዱ ነበር። ሌሎቹ ከጠረጴዛው ሥር ገብተው ሽቦውንና ከስልክ መሥሪያ የመጡ ሪሌዎችን ማገጣጠም ይመርጡ ነበር። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው «ሀከር» የሚለው ቃል በቴክኖሎጂ ትርጉሙ ከተስፋፋባቸው ቦታዎች ዋናው ያ ክበብ ነው። ልጆቹ ከጠረጴዛው ሥር ወጥተው በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተሮች ሄዱ። ሪሌ ላይ ስህተት መፈለግ የለመደ እጅ ፕሮግራም ላይም አልከበደውም።

እኔም ከዚያ በኋላ ሰው ቤት ብሬከር ሲወርድ የምሄደው በዚያው መንገድ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱን «መቼ መቼ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጭነት አስገብቼ እለካለሁ። መስመሩን በግማሽ እከፍላለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ፤ ሁለት ከቀየርኩ የትኛው እንዳዳነው አላውቅምና።

እናንተ ዘንድ ሦስት ሜትር ሐዲድ ላይኖር ይችላል። አሮጌ ባትሪ፣ የመኪና አምፖል፣ አንድ መልቲሜትርና ጥቂት ሽቦ ግን በየሠፈራችን ይገኛል። አንዱ ሆን ብሎ መስመሩን ያበላሽ፣ ሌላው ይፈልግ። በየተራ ተጫወቱት። ደንበኛ ቤት ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁ በ12 ቮልት ይልመድ።