በእግሩ የሚሰማው ውሻ

ባለፈው ጥቅምት ውሻ የሚያረባ አንድ ወዳጄ ከኮተቤ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንደጨረሰ፣ «ቦክሰሯ ወለደች፤ ሰባት ናቸው፤ ሁለቱ ግን ነጭ ወጡብኝ» አለኝ። «ወጡብኝ» ሲል ድምፁ እህል የነቀዘበት ነጋዴ ድምፅ ይመስል ነበር። «ታዲያ ምን ይሁን?» አልኩት። «የሚያውቁ ሰዎች ሳያድጉ አስወግዳቸው ይሉኛል። ነጭ ቦክሰር ደንቆሮ ነው፤ በሽተኛ ነው፤ ገዢም የለው አሉ። አንተ መቼም ከመጽሐፍ አትጠፋም፤ እስቲ አንብበህ ንገረኝ።»

አንብቤ እነግርሃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ግን ወደ መጽሐፍ አልሄድኩም። «ደንቆሮ» የምትለዋ ቃል እጄን ይዛ ሃያ ሰባት ዓመት ወደኋላ፣ ወደ ደነባ፣ ወደ አያቴ ግቢ ወሰደችኝ። ከነጭ ውሻ ጋር ያለብኝ ዕዳ እዚያ ነውና።

ደነባ ከደብረ ብርሃን ወደ እነዋሪ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ከተማ ናት። ምድሯ ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት የሰው ጫማ ነጥቆ ያስቀራል። ጤፉ፣ ስንዴውና ምስሩ ከዚያ ጭቃ ውስጥ ነው የሚወጣው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጠዋት ሲነጋ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ይገኛል። የአያቴ ውሻ የወለደችው እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት ነበር። ከቡችሎቹ መካከል አንዱ ከጆሮው እስከ ጅራቱ ጫፍ ነጭ ስለነበር እምዬ «አመዳይ» አለችው። ስሙም በዚያው ጸና።

አመዳይ ቦክሰር አልነበረም። በዚያ ዘመን እኛ መንደር የፈረንጅ ውሻ ማን አይቶ! ተራ ያበሻ ውሻ ነበር። ጠባዩ ግን ለሁሉም እንቆቅልሽ ሆነ። ቢጠሩት አይመጣም። ጅብ ሲጮህ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ተነሥቶ ግቢውን ሲያናውጠው፣ እሱ ከኩበቱ ክምር ሥር ተጠቅልሎ ይተኛል። ሌሎቹ ሲሮጡ ካየ ግን ከሁሉም ቀድሞ ይሮጣል። አጎቴ «ይህ ደንቆሮ! ለምን ይቀለባል?» እያለ በበትር ይለው ነበር። ውሻው በትሩ ለምን እንዳረፈበት ሳይገባው ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

ነገሩ የገባት እምዬ ብቻ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ታስተውላለች። ትራፊ ልትሰጠው ስትወጣ ስሙን አትጠራም፤ በባዶ እግሯ መሬቱን ሁለት ጊዜ ረገጥ ታደርጋለች። አመዳይ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቶም ቢሆን ቀና ይላል። አንድ ቀን ለምን እንዲያ እንደምታደርግ ስጠይቃት፣ «ልጄ፣ ይኼ ውሻ የሚሰማው በእግሩ ነው» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ነሐሴ ሲገባ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ እምዬ ቅዳሴ ላይ ሳለች ነገሩ ሆነ። አራት ዓመት የሚሆነው የአክስቴ ልጅ ደጃፍ ላይ የተኛውን አመዳይን ከኋላው መጥቶ ወደቀበት። ውሻው ከእንቅልፉ ባንኖ ተነሣና የልጁን ክንድ ነከሰ። ወዲያው ለቀቀው፤ ግን ደም ፈሷል። ጩኸቱን ሰምተው አጎቴና ሁለት ጎረቤቶች መጡ። በዚያ ወቅት ውሻ አበደ መባሉ በየመንደሩ ይወራ ስለነበር የሁሉም ሐሳብ አንድ ቦታ አረፈ። ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ወደ እኔ ዞረው፣ «አብረኸው የምትውል አንተ ነህ። ሲጠሩት አይሰማም አሉ፤ ከመቼ ወዲህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ትልልቅ ሰዎች ቁም ነገር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያዬ ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ፤ አመዳይ ከተወለደ ጀምሮ ሰምቶ አያውቅም። እኔ ግን ከፍርሃትም፣ ትልቅ ሰው ከመምሰል ፍላጎትም፣ «ሰሞኑን ነው» አልኩ። ሰሞኑን ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ማለት ያበደ ውሻ ማለት ነው። ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም። ከጓሮ ይዘውት ሄዱ።

እምዬ ከቀትር በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነገሩን ሰማች። ነጠላዋን ሳታወልቅ የልጁን ክንድ አየች፤ ከዚያ ሁላችንንም ተራ በተራ ተመለከተችንና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «መሬቱን ረግጣችሁለት ነበር?»

የመለሰላት የለም። ልጁ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ከጠባሳው በቀር የደረሰበት ነገር አልነበረም።

እነዚያን ሰዎች ጨካኞች ናቸው ብዬ ለመፍረድ ይህን አልጻፍኩም። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ የማይመለስ ገዳይ ነው፤ በአገራችንም እስከ ዛሬ ሰው ይገድላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ክትባቱን ሳይዘገይ መጀመር ነፍስ ያድናል። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር። ያልነበራቸው አንድ ዕውቀት ነው። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሰው ሲነክስ፣ ልጁ እየታከመ ውሻው ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል። ሲነክስ በሽታው በምራቁ ውስጥ የነበረ ውሻ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ግን ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። አመዳይ የጎደለው 10 ቀንና አንድ ትክክለኛ መልስ ነበር።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። ያነበብኩትን ይዤ ኮተቤ ሄድኩ። ቡችሎቹ ስድስት ሳምንት ሞልቷቸዋል። ሁለቱን ነጮች ለየብቻ አስቀመጥናቸውና እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ጠበቅን። ከዚያ ከኋላቸው፣ እንዳያዩኝ፣ ነፋሱም የእግሬም ንዝረት እንዳይደርሳቸው ራቅ ብዬ የቁልፍ ዘለላ አንኳኳሁ። ሴቷ ብድግ አለች። ወንዱ ተኝቶ ቀረ። ደገምኩት፤ ተኝቷል። ወዳጄ፣ «አላልኩህም?» አለ። እኔም፣ «አንዱ አይሰማም፤ አንዷ ትሰማለች። ሁለቱንም ልታስወግድ ነበር» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ነጭ ቦክሰሮች መስማት የማይችለው፣ በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማውም ተቆጥሮ፣ አንዱ ገደማ ነው። አራቱ እንደማንኛውም ውሻ ይሰማሉ። በአንድ ጆሮው የሚሰማ ውሻ በቁልፍ ፈተና አይለይም፤ እሱን የሚለየው ድምፅ ሲሰማ አንጎል የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካ መሣሪያ ነው። ነጩ ቦክሰር ለምጣምም፣ ቀለም አልባ ሆኖ የተወለደም አይደለም፤ ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ቡናማ ነው። የሆነው ይህ ነው፦ ለጸጉርና ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት በውስጠኛው ጆሮም ሥራ አላቸው። እነሱ እዚያ ሳይደርሱ ከቀሩ፣ ድምፅን ተቀብለው ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ሕዋሳት ቡችላው በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። የሚመልሳቸው መድኃኒት የለም። ይህ የቦክሰር ብቻ ዕጣ አይደለም፤ ነጠብጣብ ያለበት ዳልሜሽያን ውሻም ይደርስበታል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ዓይናቸው ሰማያዊ የሆኑ ድመቶች መስማት እንደሚሳናቸው ጠቅሷል። አመዳይም ከዚሁ ወገን እንደነበር አሁን አልጠራጠርም።

ነጭ ቡችላ ከየት ይመጣል? የወዳጄን ውሾች አይታችሁ ከሆነ ገላቸው ቀይ ዳማ፣ ደረታቸውና እግራቸው ነጭ ነው። ገዢ የሚወደው ያን ነጭ ደረት ነው። እንዲህ ያለ ቦክሰር ከወላጆቹ ከአንደኛው የነጭነትን ድርሻ ወርሷል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሲዳቀሉ በአማካይ ከአራት ቡችሎች አንዱ ድርሻውን ከሁለቱም ወገን ያገኝና ከሲሶ በላይ ወይም ሙሉ በሙሉ ነጭ ይሆናል። ለዚህ ዋናው ዘረመል የትኛው እንደሆነ የተለየው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ ምርምሩ የተደረገውም በቦክሰሮች ላይ ነው። ከዚያ በፊት በ2005 ዘረመሏ ሙሉ በሙሉ ተነብቦ ለዓለም የቀረበችው የመጀመሪያዋ ውሻም ታሻ የምትባል ቦክሰር ነበረች። እንግዲህ ነጩ ቡችላ እርግማን አይደለም፤ ሰው ነጭ ደረት ስለወደደ የመጣ ነው። ደረቱን ወደን ቡችላውን እንጠላለን።

ታሪኩም ይገርማል። የመጀመሪያው የቦክሰር ማኅበር የተመሠረተው ጀርመን ውስጥ በሙኒክ ከተማ ነበር። የዛሬዎቹ ቦክሰሮች እናት ተብላ የምትጠራው ሜታ ፎን ደር ፓሳዥ አብዛኛው ገላዋ ነጭ ነበር። ኋላ ግን በ1925 ጀርመኖች ነጩን ከደረጃ አስወጡት። ከዚያም በየአገሩ ነጭ ቡችላ ገና እንደተወለደ መግደል በብዙ አርቢዎች ዘንድ ልማድ ሆኖ ቆየ። እናቲቱን እያከበሩ መልኳን የወረሰውን ልጅ ማጥፋት ማለት ይህ ነው። ዛሬ ያ ልማድ በብዙ አገር ቀርቷል፤ ነጩ ለውድድር ባይቀርብም ለቤት ይሰጣል።

ለወዳጄ የነገርኩትን ምክር ለአንባቢም ላካፍል። የማይሰማ ውሻ ይማራል፤ የሚማረው ግን በዓይኑ ነው። «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው» ለሚሉት ለእያንዳንዳቸው አንድ የእጅ ምልክት ይመረጥና የቤቱ ሰው ሁሉ ያንኑ ይጠቀም። ምልክቱን ባየና በታዘዘ ቁጥር ጥቂት ምግብ ይሰጠው፤ ዱላ ለሚሰማም ላልሰማም አያስተምርም። መኪና ሲመጣ አይሰማምና ያለ ማሰሪያ ከግቢ አይውጣ። ከእንቅልፉ ሲቀሰቀስ ከኋላ አይነካ፤ ወለሉ ይረገጥ፣ ወይም እጅ አፍንጫው አጠገብ ይቅረብለትና ሽታው ይቀስቅሰው። ሕፃናት ከሁሉ በፊት ይህን ይማሩ። ነጭ ቆዳ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ ከጊዜ በኋላም የቆዳ ካንሰር ሊያመጣበት ይችላል። እንደ አዲስ አበባና እንደ ደነባ ባለ ደጋ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ቀትር ላይ ጥላ ያስፈልገዋል። ጸጉሩ አጭር ነውና ሌሊት ብርድ ላይ አይተው። አይዳቀል። ለሌላ ሰው ሲሰጥም የማይሰማ መሆኑ ሳይደበቅ ይነገር።

ወዳጄ ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ፣ «ታዲያ ለዚህ ለደንቆሮ ይህን ሁሉ ድካም!» አለ። ያን ጊዜ ስለ አመዳይ ነገርኩት። እስከዚያ ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

በቋንቋችን ጆሮው የማይሰማም፣ አእምሮው ያልበራለትም በአንድ ቃል «ደንቆሮ» ይባላሉ። አለማወቅንም «ድንቁርና» እንለዋለን። ለብዙ ዘመን መስማት የተሳናቸውን ልጆቻችንን ከትምህርትና ከጨዋታ ያራቅናቸው በዚሁ ቃል ጭምር ነው። «ደንቆሮ የሰማ ለት ያብዳል» ይባላል። በዚያ የነሐሴ ቀን በእኛ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ደንቆሮ ነበር። አንደኛው ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ግን በእግሩ ይሰማል። ሌሎቻችን ጆሯችን ደኅና ነበር፤ ግን እምዬ ያለችውን አልሰማንም። እኔ ሰምቼ ስቄአለሁ።

ሴቷ ነጭ ቡችላ ሲኤምሲ አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ ተሰጠች። ወንዱን ወዳጄ «እስቲ ለጊዜው ይቆይ» ብሎ አስቀረው። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። ቡችላው ረዝሟል፤ በረንዳው ጥግ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል። የወዳጄ ሴት ልጅ፣ አምስት ዓመት ይሆናታል፣ ከቤት ስትወጣ አየችው። እየሮጠች ሄደችና ሁለት ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ የእንጨቱን ወለል ሁለት ጊዜ ረገጠች።

ቡችላው ቀና አለ።