መቅደም ያለበት ይቅደም

ታናሽ ወንድሜ እንጅባራ ላይ ፕሮግራሚንግ ይማራል። ቀኝ እጁ ስለተጎዳ፣ «ታብ» ሲጫን ትእዛዙን የሚሞላለት ፕለጊን ትልቅ እረፍቱ ነው። አዲሱ ግን ሦስት ቀን አልሠራ ብሎት «ትምህርቱ ይቅርብኝ» አለ።

የሚጠቀመው ፖል ፎልስታድ በ1990 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ዚ ሼል ነው። የዝግጅት ፋይሉን አብረን መስመር በመስመር አነበብነው። ፕለጊኑ በቦታው አለ፤ የፎልደሩ አድራሻ ግን የተጻፈው ሙላቱን ከሚያስነሳው «ኮምፕኢኒት» በታች ነው። ከላይ አደረግነው፤ የቆየውን የሙላት መዝገብ ሰርዘን ተርሚናሉን እንደገና ከፈትን። ሠራ! ትምህርቱንም ቀጠለ።

ወገኖቼ፣ ጸሎትም አገልግሎትም እያለን የምንዝለው ስለምንድን ነው? ምናልባት ጌታን የምንፈልገው ሩጫችንን ከጀመርን በኋላ ይሆናል። ዛሬ ማለዳ እርሱን እናስቀድም።